የእንጨት ፕሮፔለር፦ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 የተሰኘውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አስነሥቶ አዲስ አበባ አገባ። የኢትዮጵያ መንግሥት የአየር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጉዞ ነው። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ እየተሽከረከረ ስለሚጎትተው ፕሮፔለር ግን እምብዛም አይነገርም። በዚያ ዘመን የዚህ ዓይነት አውሮፕላን ፕሮፔለር ብዙውን ጊዜ ከእንጨት የተሠራ ነበር።

እንጨት መባሉ ተማሪዎችን ያስገርም ይሆናል። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ያበረሩት አውሮፕላንም ፕሮፔለሩ እንጨት ነበር። ወንድማማቾቹ ከመርከብ ፕሮፔለር የሚጠቅም ስሌት ፈልገው ስላጡ፣ ፕሮፔለር ማለት እየዞረ የሚጓዝ ክንፍ ነው ብለው ራሳቸው አሰሉት። በፈረንሳይ ደግሞ ሉሲዬን ሾቪዬር ሳንቃዎችን በሙጫ እያነባበረ ይሠራ ነበር። ሉዊ ብሌሪዮ እ.ኤ.አ. በ1909 ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ባሕሩን የተሻገረው በሾቪዬር ፕሮፔለር ነው። አንድ ወጥ ግንድ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ የተነባበረ ሳንቃ ግን አንዱ የሌላውን መጣመም ይይዛል። ከዚያ በኋላ በእጅ ተጠርቦ ሚዛኑ ይስተካከላል፤ ጫፉም ጠጠርና ዝናብ እንዳይበላው በናስ ወይም በጨርቅ ይለበጣል።

ለታሪክ ተማሪ ዋናው ነገር ያለው በመካከሉ፣ በእምብርቱ ላይ ነው። ሠሪዎቹ እዚያ ላይ ተከታታይ ቁጥር፣ የሞተሩን ዓይነትና የፈረስ ጉልበት፣ እንዲሁም ሁለት ልኬቶችን በማኅተም ያትሙ ነበር፤ አንደኛው የፕሮፔለሩ ዲያሜትር፣ ሁለተኛው እርምጃው ነው። እርምጃ ማለት ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን አንድ ጊዜ ሲዞር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ለምሳሌ እርምጃው 2 ሜትር ሆኖ በደቂቃ 1200 ጊዜ ቢዞር፣ በወረቀት ላይ በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አየር እንደ እንጨት ጠጣር ስላልሆነ በተግባር ከዚህ ይለያል። አየሩ በሚሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታና በጅቡቲ ጠረፍም አሠራሩ አንድ አይደለም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በጅቡቲ ከተማ አንድ አሮጌ የእንጨት ፕሮፔለር ቢገኝ፣ «ይህ የማዬ ነው» ለማለት ይቸኮላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1940 በዚያ የሰፈረው የፈረንሳይ አየር ኃይልም ፖቴዝ 25 ነበሩት። ስለዚህ በእምብርቱ ላይ የታተመው የሞተር ስም ቢገጥምም ብቻውን አያስረዳም፤ ተከታታይ ቁጥሩ ከሠሪው መዝገብ ጋር መመሳከር፣ ዕቃው በማን እጅ እንደ ቆየም መጠየቅ አለበት። እኔ እንደማምነው፣ «የማን እንደሆነ አልታወቀም» ብሎ መጻፍ በግምት ስም ከመለጠፍ ይሻላል።

ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዱራሉሚን ፕሮፔለር እየተስፋፋ፣ በ1930ዎቹም እርምጃው በበረራ ላይ የሚለወጠው ዓይነት እየመጣ፣ እንጨቱ በአብዛኛው ለትናንሽ አውሮፕላኖች ቀረ። ብዙውም የግድግዳ ጌጥ ሆነ። እንዲያምር ተብሎ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግና ቫርኒሽ ሲቀባ መጀመሪያ የሚጠፋው የእምብርቱ ማኅተም ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያጋጥመው መምህር አስቀድሞ ማኅተሙን በፎቶግራፍ ያንሣ፣ በወረቀትም ይገልብጠው። ሲያስቀምጠውም አግድም ያጋድመው፤ አቁመው ሲያስቀምጡት እርጥበቱ ወደ ታችኛው ክንፍ ይወርድና ሚዛኑን ያጠፋዋል።