ትኋን፣ ዲ.ዲ.ቲ. እና አነፍናፊ ውሻ፦ የቤት ፍተሻ ታሪክ ከከሚሴ አንጻር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ የሚያዋስኑት ምድር ሞቃት በመሆኑ የአካባቢው የጤና ታሪክ በአመዛኙ የወባ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ለወባ ትንኝ ተብሎ በተረጨው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ሌላ ደም መጣጭ ተባይ አብሮ ይኖራል፤ እርሱም ትኋን ነው። ትኋንን ከቤት የማጥፋቱ ጥረት የቱንም ያህል ቢያረጅ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ግን ያው ነው፦ ተባዩ በእርግጥ በዚህ ቤት ውስጥ አለን?

በሰው ቤት የሚኖሩት ዋነኞቹ የትኋን ዝርያዎች ሁለት ናቸው፤ ሲሜክስ ሌክቱላሪየስ በአብዛኛው በደጋማና በቀዝቃዛ አገሮች፣ ሲሜክስ ሄሚፕተረስ ደግሞ በሞቃታማ አገሮች ይገኛሉ። ከእንቁላል የተፈለፈለው ትኋን ለአቅመ መራባት እስኪደርስ አምስት የእድገት ደረጃዎችን ያልፋል፤ በእያንዳንዱም ደረጃ ደም መመገብ ይኖርበታል። ቀን ቀን ይደበቃል፤ ካጣም ለወራት ሳይበላ ይቆያል። ለመደበቂያ የጠፍር አልጋን ያህል የተመቸው ዕቃ ብዙ የለም። የጠፍሩ መተላለፊያ ቀዳዳ፣ የእግሩና የወርካው መጋጠሚያ፣ ከአልጋው ጀርባ ያለው የጭቃ ግድግዳ ንቃቃት፣ መደቡና የጣሪያው እንጨት ሁሉ ማደሪያው ናቸው። አልጋን ፀሐይ ላይ ማውጣትና በጠፍሩ ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ ከቀደሙት የተወረሱ ዘዴዎች ሲሆኑ፣ ሙቀት ትኋንንም እንቁላሉንም እንደሚገድል በመረጋገጡ ዛሬም የሚናቁ አይደሉም። ችግሩ አልጋው ሲወጣ ግድግዳው እዚያው መቅረቱ ነው።

ሐኪሞች ትኋንን በብዙ በሽታዎች ሲጠረጥሩት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1907 ፓተን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ህንድ ውስጥ ባደረገው ምርመራ የካላአዛር አስተላላፊ ትኋን ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር። ይህ ጥርጣሬ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ስዋሚናት፣ ሾርትና አንደርሰን በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ በሙከራ አሳዩ። በሄፓታይተስ ቢ ረገድም እ.ኤ.አ. በ1990 ውጤቱ የታተመው የጋምቢያ ጥናት፣ በቤቶች ውስጥ ትኋን በመድኃኒት ቢቀነስም በልጆች ላይ የሚደርሰው የቫይረሱ መያዝ እንዳልቀነሰ አረጋግጧል። ትኋን በተፈጥሮ ሁኔታ በሽታን ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ እስከ ዛሬ አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም። የሚያደርሰው ጉዳት የቆዳ ማሳከክ፣ በመቧጠጥ የሚመጣ ቁስል፣ የእንቅልፍ ማጣትና ኀፍረት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሰው ከእርሱ ለመገላገል ሲል የሚፈጽመው ነው። ለእርሻ የተዘጋጀ ፀረ ተባይ መኝታ ላይ መርጨት ሕፃናትን ለመመረዝ ይዳርጋል፤ ይህን ለጤና ባለሙያ ማስታወስ ሳያስፈልግ አይቀርም።

የዲ.ዲ.ቲ. ፀረ ተባይነት እ.ኤ.አ. በ1939 በስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር ሲታወቅ ለትኋንም ፍጻሜው የደረሰ መስሎ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1947 በሃዋይ ፐርል ሃርበር በሚገኝ የባሕር ኃይል ሰፈር መድኃኒቱን የተቋቋሙ ትኋኖች ተገኙ። ይህ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት የወባ ማጥፋት ዘመቻውን እ.ኤ.አ. በ1955 ከማወጁ ስምንት ዓመት ቀድሞ ነው። በኢትዮጵያ የርጭት ሙከራ በ1950ዎቹ አጋማሽ በጋምቤላ፣ በደምቢያና ከከሚሴ በስተሰሜን በሚገኘው የቆቦ ጨርጨር ሜዳ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኝ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲታመም 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ተገመተ፤ በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የረጪ ጓዶች በየመንደሩ ዲ.ዲ.ቲ. ሲረጩ ኖረው፣ የወባ ትንኝ መድኃኒቱን በመላመዷ እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ በሌሎች ኬሚካሎች ተተካ።

ርጭትና ትኋን የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው። ዲ.ዲ.ቲ. የተላመደውን ትኋን አይገድለውም፤ ነገር ግን ይቆጠቁጠዋል፤ ከተደበቀበት ስንጥቅ እንዲወጣም ያደርገዋል። ባለቤቲቱ ከርጭቱ በኋላ ከዚያ በፊት ያላየችውን ትኋን በብዛት ስታይ «መድኃኒቱ ትኋን ያመጣል» ብትል አይፈረድባትም። ራፋትጃህ የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በወባ ዘመቻ አካባቢዎች የትኋን ማንሰራራት ሕዝቡ ርጭትን እንዲጠላ ምክንያት መሆኑን ገልጿል። በአጎበርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከታንዛኒያ የወጣ ጥናት በኬሚካል የተነከረ አጎበር በሚጠቀሙ ቤቶች ውስጥ ፓይረትሮይድን የተቋቋሙ ትኋኖች መገኘታቸውን አስታውቋል። አጎበሩ ትኋን ባለመግደሉ ቅር የተሰኘ ቤተሰብ አጎበሩን ሊጥለው ይችላል፤ እንደ ከሚሴ ባለ የወባ አካባቢ ይህ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

በበለጸጉት አገሮች ተረስቶ የቆየው ትኋን በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመልሶ ሲመጣ፣ ሆቴሎችና የኪራይ ቤቶች ፈጣን የፍተሻ ዘዴ ፈለጉ። ምስጥ ፈላጊ ውሾች አስቀድሞ ስለነበሩ ወደ ትኋን ለመሻገር ጊዜ አልፈጀም። ትኋን የሚያመነጨው ጠረን አልዲሃይድ ከሚባሉ ውሁዶች የሚመጣ ነው፤ የእርጥብ ድንብላል ቅጠል ሽታም ከዚሁ ወገን ስለሆነ ሁለቱን የሚያመሳስሉ ሰዎች አፍንጫቸው አላታለላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ፊስተር፣ ኮህለርና ፔሬራ ያሳተሙት ጥናት፣ የሠለጠኑ ውሾች ትኋንን ከጉንዳን፣ ከበረሮና ከምስጥ ለይተው በ97.5 በመቶ ትክክለኛነት እንዳገኙ፣ ተመራማሪዎቹ ትኋን በደበቁባቸው የሆቴል ክፍሎችም 98 በመቶ እንደተሳካላቸው ዘገበ። ከዚህ በኋላ ውሻው ገበያ አገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ኩፐር፣ ዋንግና ሲንግ 11 የውሻና የአሠልጣኝ ቡድኖችን ሰው በሚኖርባቸውና ትኋን በራሱ በገባባቸው ቤቶች ፈተኑ። በአማካይ የተገኘው 44 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ትኋን በሌለበት «አለ» የተባለው 15 በመቶ ነበር፤ ከቡድን ቡድንም ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነበር። የቁጥሩን ትርጉም ለመረዳት 100 ቤቶች ይታሰቡ፤ 20ዎቹ ትኋን አለባቸው እንበል። በዚህ አማካይ ውሻው ከ20ዎቹ 9 ያህሉን ሲያገኝ 11ዱን ያልፋል፤ ከ80ዎቹ ንጹሐን ቤቶች ደግሞ 12ቱን ያለጥፋታቸው ያስረጫል። ውሻው «አለ» ካለባቸው ቤቶች ከግማሽ የሚበልጡት ንጹሕ ሆኑ ማለት ነው። በቤተ ሙከራ ጥሩ የሆነ ምርመራ በሕዝብ መካከል ሲወርድ እንዲህ መሆኑ ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም።

ይህ ዘዴ ወደ ከሚሴ ቢመጣ ከዋጋው በፊት ደጃፍ ላይ የሚጠብቀው ጉዳይ አለ። የአካባቢው ሕዝብ በብዛት ሙስሊም ነው። በሻፊዒ መዝሀብ መሠረት ውሻ በእርጥበት የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ ይኖርበታል፤ የሐነፊ መዝሀብ ምራቁን ነጂስ ቢልም ገላውን አይጨምርም። ለጥበቃ፣ ለአደንና ለከብት እረኝነት ውሻ መያዝ የተፈቀደ ቢሆንም፣ መኝታና መስገጃ ባለበት ክፍል ውስጥ ማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በሚያሰጋበት አገር ቤተሰቡ ውሻን ቢፈራ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ዘመናዊ ቤት የለመደ ውሻ በጭቃ ግድግዳ ሺህ ስንጥቅ ፊት የሚኖረው ብቃትም ከፍሎሪዳ ሆቴል ሊገመት አይችልም። እንግዲህ ለጊዜው አስተማማኙ ፍተሻ በባትሪ ብርሃን የጠፍሩን ቀዳዳ መመልከት፣ ጥቁር የኩስ ነጠብጣብና የተገፈፈ ቆዳ መፈለግ፣ ከአልጋው እግር ሥርም ትኋን ገብቶ የማይወጣበት ልሙጥ ዕቃ ማኖር ነው።

የእንስሳት አፍንጫ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በአገሪቱ ፈንጂ የማምከን ሥራ አነፍናፊ ውሾች ተሰልፈዋል፤ በአዲስ አበባም ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር በመተባበር የሠለጠኑ አይጦች የሳንባ ነቀርሳን በአክታ ናሙና ሲያሸቱ ታይተዋል። በአይጦቹ ሥራ ናሙናው ወደ እንስሳው ይሄዳል እንጂ እንስሳው ወደ ታማሚው ቤት አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመው የጋምቢያ ጥናትም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ሕዝቧ በብዛት ሙስሊም በሆነችው በዚያች አገር ሕፃናት ካልሲ አድርገው አደሩ፤ ካልሲዎቹ ተሰብስበው ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ እዚያም ውሾች አሽትተው ወባ ካለባቸው ሕፃናት 70 በመቶ ገደማውን፣ ከሌለባቸው ደግሞ 90 በመቶ ገደማውን በትክክል ለዩ። በጋምቢያ በየትኛውም ቤት ደጃፍ አንድም ውሻ አልገባም።