ከኮተቤ እስከ ቦሌ፤ ስለ እንግሊዝኛ ቅላጼና ስለ ተናጋሪዎቹ ቅጽል ስሞች

በአገራችን ልማድ ከባሕር ማዶ የመጣው ነጭ ሰው ሁሉ «ፈረንጅ» ይባላል። ይህ ስም በዐረብኛ በኩል አልፎ የደረሰን የጥንቶቹ የፍራንኮች ስም ነው። እኛ በአንድ ስም የምንጠራቸው ሰዎች ግን እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ ብዙ ስም አላቸው፤ እንግሊዝኛ የሚናገሩት ሕዝቦች እንኳ በቅላጼ ተለያይተው በቅጽል ስም ሲነካኩ ኖረዋል።

በ18ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች የሰሜን አሜሪካን ሰፋሪዎች «ያንኪ» እያሉ ያፌዙባቸው ነበር፤ አሜሪካውያን ግን ስድቡን እንደ ማዕረግ ተቀበሉት። አሜሪካዊው በፈንታው እንግሊዙን «ላይሚ» አለው፤ ይኸውም የእንግሊዝ መርከበኞች ድድ ከሚያደማው በሽታ እንዲድኑ የሎሚ ጭማቂ ይታደላቸው ስለ ነበረ ነው። የኒው ዚላንድ ሰው መብረር በማይችለው ወፍ ስም «ኪዊ» ሲባል ደስ ይለዋል። ከፓትሪክ የወጣው «ፓዲ» ግን ለብዙ አየርላንዳዊ ስድብ ነው። ስለዚህ ቅጽል ስም የሚመዘነው በቃሉ ብቻ ሳይሆን በተናጋሪው ልብ ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ ልዩነት ወደ እኛ የገባው በትምህርት ቤት በር ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት የገነነው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ፤ ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምሥራቅ፥ በኮተቤ፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት የአገራችን ተማሪዎች ከእንግሊዞች፥ ከሕንዶችና ከካናዳውያን ተምረዋል። በ1943 ዓ.ም. በተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተማሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በፈረንሳይኛ ነበረ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ተጨመሩ።

መምህራኑ ሲለያዩ ድምፁም ተለያየ። የለንደን አካባቢ ሰው በቃል መጨረሻ ያለውን «ር» ውጦ መኪናን «ካ» ሲል፥ አሜሪካዊው «ር»ን አጉልቶ «ካር» ይላል፤ ስኮትላንዳዊው ደግሞ ያንቀጠቅጠዋል። የጊዜ ሠሌዳን እንግሊዙ «ሼጁል»፥ አሜሪካዊው «ስኬጁል» ይለዋል። ታዲያ ትክክለኛው የማን ነው? እኛስ ብንሆን ጎጃሜውን፥ ጎንደሬውን፥ ወሎዬውንና መንዜውን ከአነጋገሩ እንለየው የለምን? ሆኖም አንዱ አማርኛ ያውቃል፥ ሌላው አያውቅም አንልም።

ለጥያቄው መልስ የሚሰጠን ቦሌ ነው። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲቋቋም፥ አብራሪዎቹ በመጀመሪያ አሜሪካውያን ነበሩ። የልደታ ማረፊያ ለጄት ስላልበቃ ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 አውሮፕላኖች ሥራ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የቦሌ ተቆጣጣሪ ከናይሮቢ፥ ከቦምቤይና ከለንደን የሚመጣውን አብራሪ ድምፅ ሁሉ ማስተዋል ግድ ሆነበት።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለዚህ ያበጀው ሥርዓት አስገራሚ ነው። በሬዲዮ ሦስት ቁጥር «ትሪ»፥ ዘጠኝ ቁጥር «ናይነር» ተብሎ እንዲነገር ደንግጓል። በክፍል ውስጥ ተማሪው የሚሳቅበት «ትሪ» በሰማይ ላይ ሕግ ነው ማለት ነው! ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የቋንቋ መመዘኛም፥ በከፍተኛው በ6ኛው ደረጃ እንኳ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቅላጼ መሰማቱ አያስነቅፍም፤ የሚያስነቅፈው ንግግሩ ሳይገባ መቅረቱ ነው። በ1969 ዓ.ም. በስፔን ደሴት በቴነሪፍ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፥ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆላንዳዊው አብራሪ በእንግሊዝኛ የተናገረው አሻሚ ቃል ነበረ። ጉድለቱ የግልጽነት እንጂ የቅላጼ አልነበረም።

እንግዲህ መምህራን፥ የተማሪው ቃል ግልጽ ከሆነ ስለ ቅላጼው አይሳቅበት፤ የሳቁበት ልጅ ዝም ይላል፥ ዝም ያለም ቋንቋ አይማርም። የመሥሪያ ቤት አለቆችም ሥራ ፈላጊውን በአሜሪካ ወይም በለንደን ቃና ሳይሆን በሚናገረው ጉዳይ ይመዝኑት። የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው በአንድ አፍ ሳይናገሩት፥ እኛ በራሳችን አፍ አጥርተን ብንናገረው ምን ነውር አለበት?