ኩባያው ላይ የነበረው ጽሑፍ

ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣውን ትንሽ ነጭ ከረጢት የማያውቅ የለም። ውስጧ እርጥበት የሚመጥ ጥራጥሬ አለ፤ ላይዋ ላይ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴም በሌሎች ሦስት አራት ቋንቋዎች፣ «አይበላም» ተብሎ ተጽፏል። ጫማ ገዝቶ ሲመለስ ከካርቶኑ የሚቀመስ ነገር የሚፈልግ ማን ይሆን? የካውያ መመሪያ ልብስ እንደለበሱ እንዳይተኩሱ ይመክራል። የፀጉር ማድረቂያው ተኝተው እንዳይጠቀሙበት ይማፀናል። የሕፃን ጋሪ የገዛ ወላጅ ደግሞ ጋሪውን ከማጠፉ በፊት ልጁን እንዲያወጣ በጽሑፍ ይነገረዋል።

በአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ክስ በዝቷል የሚል አንድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 የዓመቱን አስቂኝ ማስጠንቀቂያ የሚሸልም ውድድር ጀመረ። ካሸነፉት መካከል የሽንት ቤት ብሩሽን «ለግል ንጽሕና አይጠቀሙበት» የሚለውና በልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ «ሰው አይክተቱበት» ተብሎ የተለጠፈው ይገኙበታል። የቡድኑ መልእክት ግልጽ ነበር፦ አገሪቱን ጠበቆችና ከሳሾች አሳብደዋታል፤ ፋብሪካውም ፍርድ ቤት ፈርቶ ለጤነኛ ሰው የማይነገር ነገር ይጽፋል። ይህን የሚሉ ሰዎች ምስክር ቁጠሩ ሲባሉ ቀድመው የሚጠሩት አንድ መዝገብ ነው፤ የቡናው ክስ። ፍርዱ የተሰጠው በነሐሴ 1986 ዓ.ም. ነበር። ወደዚያው ልሂድ።

የሕጉን መንገድ ግን በአጭሩ ማንሳት ግድ ነው። በድሮው ልማድ ዕቃ ተሰብሮ የጎዳው ሰው መክሰስ የሚችለው የሸጠለትን ነጋዴ እንጂ ፋብሪካውን አልነበረም። ይህን ግድግዳ እ.ኤ.አ. በ1916 የኒውዮርኩ ዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ አፈረሱት፤ የቢዩክ መኪና የእንጨት ጎማ ተሰባብሮ ባለቤቱን ጎድቶ ነበር። በ1944 በካሊፎርኒያ የኮካ ኮላ ጠርሙስ አስተናጋጇ እጅ ላይ ፈነዳ፤ ዳኛ ሮጀር ትሬይነርም ፋብሪካ ጥፋቱ ባይረጋገጥበት እንኳ ተጠያቂ መሆን አለበት ብለው የግል አስተያየታቸውን ጻፉ። በ1963 ይኸው አስተያየት የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሆነ። የዚያን ጊዜው ተጎጂ ሚስቱ ለገና የሰጠችው የእንጨት መሥሪያ ማሽን ግንድ አስፈንጥሮ ግንባሩን የመታው ሰው ነበር። በ1965 የአሜሪካ የሕግ ሊቃውንት ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ሰበሰቡት። ከዚያ ወዲያ፣ ዕቃው በደንብ የተሠራ ቢሆን እንኳ ሰው በቀላሉ የማያውቀውን አደጋ ሳይናገሩ መሸጥ ራሱ እንደ እንከን ይቆጠር ጀመር።

እንግዲህ ወደ አልበከርኬ፣ ኒው ሜክሲኮ። የካቲት 19 ቀን 1984 ዓ.ም. አንዲት የ79 ዓመት አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር በማለዳ መኪና ውስጥ ናቸው። ነጂው እሱ ነው። ከመኪና ሳይወርዱ ከሚታዘዝበት የማክዶናልድ መስኮት በ49 ሳንቲም ቡና ገዙ። ወሬው ሲዛባ አሮጊቷ እየነዱ ሳለ ነው የሚባለው፤ ነገሩ እንዲያ አይደለም። ልጁ ወተትና ስኳር እንዲጨምሩ ብሎ መኪናውን አቁሞላቸዋል። ኩባያ ማስቀመጫ ስላልነበረው በጉልበታቸው መካከል ያዙትና ክዳኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ቡናው ተገለበጠ። የለበሱት የጥጥ ቱታ ፈሳሹን መጥጦ ከሰውነታቸው ጋር አጣበቀው።

ቃጠሎው 16 በመቶ የሚሆነውን የሰውነታቸውን ክፍል ነካ፤ 6 በመቶው ቆዳውን ጨርሶ የሚያጠፋው ሦስተኛ ደረጃ ነበር። ጭናቸው፣ መቀመጫቸውና ብሽሽታቸው ተቃጠለ። ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኙ፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል ቆዳ ተነሥቶ ተለጠፈላቸው፣ ዘጠኝ ኪሎ ያህል ከሱ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ቀልደኞቹ የሚዘሉት ነው። መጀመሪያ ወደ ፍርድ ቤት አልሮጡም። ኩባንያው የሕክምና ወጪያቸውንና ቀሪውን ኪሳራ እንዲሸፍንላቸው 20,000 ዶላር ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ 800 ዶላር ነበር።

ጉዳዩ በነሐሴ 1986 ዓ.ም. ለፍርድ ሸንጎ ሲቀርብ በዳኝነት የተቀመጡት ተራ ዜጎች ራሳቸው ተሳልቀው ነበር፤ አንዳንዶቹ ለፈሰሰ ቡና ብሎ ከሥራ መቅረት ምን የሚሉት ነው ብለው እንዳሰቡ በኋላ ለዎል ስትሪት ጆርናል ተናግረዋል። ሐሳባቸውን የለወጠው የቁስሉ ፎቶግራፍና የኩባንያው ሰዎች ቃል ነው። ቡናው የሚቀመጠው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን በኩባንያው መመሪያ ታዟል። የጥራት ኃላፊው በዚያ ሙቀት ቢጠጣ አፍና ጉሮሮ እንደሚያቃጥል አልካደም፤ ሙቀቱን የመቀነስ ሐሳብ እንደሌለም ጨምሮ ተናገረ። እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1992 ባሉት ዓመታት ከ700 የሚበልጡ ሰዎች ስለ ቃጠሎ አቤት ብለዋል። ኩባንያው ያመጣው ባለሙያ ይህ ቁጥር በቢሊዮን ከሚሸጠው ኩባያ ጋር ሲተያይ ከቁም ነገር አይገባም አለ። ሰባት መቶ የተቃጠለ ሰው ከቁም ነገር አይገባም ማለት ተራ ዜጎች ፊት ቆሞ የሚነገር አይመስለኝም።

ኩባያው ላይ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነበረ! ቡናው ትኩስ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ከክሱ በፊትም ታትሞበታል። ሸንጎው ያለው ጽሑፉ ትንሽ ነው፣ አይበቃም ነው። ስለዚህ «ቡና ትኩስ ነው ብላችሁ ስላልጻፋችሁ ሚሊዮን ክፈሉ ተባሉ» የሚለው ተረት መሠረቱ የለም። የተፈረደው በሙቀቱና ለአሥር ዓመት አቤቱታ ሰምቶ ዝም በማለቱ ላይ ነው። ሸንጎው አዛውንቷንም ነጻ አላወጣቸውም፤ ከጥፋቱ 20 በመቶው የራሳቸው ነው ብሎ የ200,000 ዶላሩን ካሳ ወደ 160,000 አወረደው። ለኩባንያው ማስተማሪያ የተባለው የቅጣት ካሳ 2.7 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ሒሳቡ የመጣው ከኩባንያው የሁለት ቀን ያህል የቡና ሽያጭ ነው። ጋዜጦች የያዙት ይህን ቁጥር ነው። ዳኛ ሮበርት ስኮት ቅጣቱን ወደ 480,000 ዝቅ አድርገው ጠቅላላውን 640,000 ሲያደርጉት ወሬው ቀዝቅዞ ነበር። በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች በምስጢር ተስማሙ።

የተቃራኒው ወገን ክርክር ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ሰባተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ የቡና ክስ ሲቀርብለት ዳኛ ኢስተርብሩክ ትኩስ ቡና ትኩስ መሆኑን ገዢው ያውቃል፣ የሚፈልገውም እንዲያ ነው ብለው ከሳሾቹን መለሷቸው። በ2002 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም 36 ከሳሾች የማክዶናልድን ትኩስ መጠጥ ከስሰው ሲቀርቡ ለኩባንያው ፈረደ። ቡና በረድ ያለ ሲሆን የሚጠላው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። ቢሆንም ለንደን ላይ የተፈረደው በለንደን ማስረጃ ነው፤ አልበከርኬ ላይ 800 ዶላርና 700 አቤቱታ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

አዛውንቷ ከዚያ ወዲህ የቴሌቪዥን ቀልደኞች ሲሳይ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሳይንፌልድ የተባለው ድራማ አንድ ገጸ ባሕርይ በቡና ተቃጥሎ ሲከስ አሳየ። በስማቸው የአስቂኝ ክሶች ሽልማት ተበጀ። እሳቸው በ2004 በ91 ዓመታቸው አረፉ፤ በ2011 የሱዛን ሳላዶፍ «ሆት ኮፊ» የተባለ ጥናታዊ ፊልም ወጥቶ ፎቶግራፎቹን ሕዝብ ሲያያቸው የሳቁት ብዙዎች አቀርቅረዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እውነተኛው ታሪክ ሲከረከም፣ ሐሰተኛው ደግሞ ሙሉ ልብስ ለብሶ ዞሯል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኢሜይል ሲቀባበሉት ከነበሩት መካከል የመኖሪያ መኪናው ወሬ አንደኛ ነው። ሰውዬው ዊኔባጎ የሚባለውን ቤት መሰል መኪና ገዛ፤ አውራ ጎዳና ላይ ክሩዝ ኮንትሮሉን ሞላና ቡና ሊያፈላ ወደ ኋላ ሄደ፤ መኪናው ተገለበጠ፤ «መሪውን ጥሎ መሄድ አይቻልም የሚል ማኑዋሉ ላይ የለም» ብሎ ከሰሰ፤ 1.75 ሚሊዮን ዶላርና አዲስ መኪና ተፈረደለት፤ ፋብሪካውም መመሪያውን ለወጠ። ሰውዬውም ክሱም የሉም። ከዚህ በፊት ደግሞ እርጥብ ውሻዋን ማይክሮዌቭ ውስጥ ያደረቀች ሴት ወሬ ነበር፤ የዩታ ዩኒቨርሲቲው የፎክሎር ምሁር ያን ሃሮልድ ብሩንቫንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ከከተማ ተረቶች መካከል አስገብተዋታል። መኪናውም ውሻውም ተረት፣ ቃጠሎው ግን እውነት፤ ሦስቱም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ተሰድረው ሲነበቡ ለይቶ የሚያስቀምጥ አልነበረም።

መመሪያዎቹ ግን በእርግጥ ወፍረዋል። አሜሪካ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ራሱ ደረጃ ወጥቶለት፣ ቀዩ «አደጋ» ካልተጠነቀቁ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ይመጣል፣ ብርቱካንማው ሊመጣ ይችላል፣ ቢጫው ደግሞ ቀላል ጉዳት ነው ማለት ሆኗል። ሰው ያስተዋለው እንደሆነ፣ ምድጃ ሲገዛ አብሮት ከሚመጣው ደብተር የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለ ምድጃው ሳይሆን ስለ ገዢው ናቸው። እንደ እኔ ከሆነ ምክንያቱ የከሳሾች ጅልነት አይደለም። ለማሽኑ ቢላዋ ከለላ ማበጀት ሞልድ መለወጥ ይጠይቃል፤ አንድ መስመር መጨመር ግን ቀለምና ወረቀት ነው። አልበከርኬ ላይ ቅሬታው ስለ ሙቀት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቡና ክዳን ላይ በጉልህ የምናነበው ስለ ሙቀቱ የተጻፈ ጽሑፍ ነው።

ከሚያስቁት መካከል የሚያስለቅሱ እንዳሉበትም ሳይነሣ አይታለፍ። ቀጭን የላስቲክ ከረጢት ላይ «መጫወቻ አይደለም» የሚል አለ። ጽሑፉ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1959 የላውንደሪ ልብስ መሸፈኛ ላስቲክ ብዙ የአሜሪካ ሕፃናትን አፍኖ ከገደለ በኋላ ነው፤ እናቶች ላስቲኩን ለፍራሽ መሸፈኛ ያደርጉት ነበር። ሃያ ሊትር ገደማ በሚይዘው ባልዲ ላይ ደግሞ ሕፃን በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ የሚታይበት ሥዕል አለ። የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ከ1984 ወዲህ በእንዲህ ዓይነት ባልዲ ከሁለት መቶ በላይ ሕፃናት መስጠማቸውን መዝግቧል። ዳዴ የሚል ሕፃን ከጭንቅላቱ ይከብዳል፤ ባልዲው ውሃ ሲኖርበት ደግሞ ጸንቶ ስለሚቆም አብሮት አይገለበጥም።

ይኸው ኮሚሽን የከሰል ከረጢትንም አልተወም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ የከሰል ከረጢት ቤት ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥና መኪና ውስጥ ከሰል ማቀጣጠልን በሥዕል የሚከለክል ምልክት ይዟል። ሥዕሉ የገባው እንግሊዝኛ የማያነቡ ሰዎችን ለመድረስ ነው። ለሳቂው አሜሪካዊ ይህም ከሽንት ቤቱ ብሩሽ ጋር የሚቆጠር ነበር።

እኛ ዘንድ ግን ማንም አይስቅበትም። ክረምት በገባ ቁጥር ከሰል አያይዘው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ወሬ ይሰማል፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በየጊዜው እንዳታደርጉት ይላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለምም የለውም፤ ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ሲሆን ደኅና ሆነ ብለው የሚያስገቡት ለዚህ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ስለ ዕቃው የሚገልጽ መለያ እንዲለጥፍ ያዛል። ከሰል ግን በጆንያ ይመጣል፣ ጉልት ላይ በቆርቆሮ ተሰፍሮ ይሸጣል። ጆንያው ጽሑፍ አጥቶ አይደለም፤ ቀድሞ የያዘው ማዳበሪያ ከሆነ ክብደቱም፣ የመጣበት አገርም፣ «በመንጠቆ አይነሣም» የሚል ማሳሰቢያም በእንግሊዝኛ ታትሞበታል። ዩሪያው በመንጠቆ እንዳይቀደድ ተጠንቅቀውለታል።

መብራት ሳይቆራረጥ እስኪዳረስና ሰው ምጣዱንም ምድጃውንም በኤሌክትሪክ እስኪያደርግ ድረስ ሥዕሉ የሚያርፍበት ቦታ ጆንያው ሳይሆን የከሰል ማንደጃው ይመስለኛል። ማንደጃ ዓመት ሁለት ዓመት ቤት ውስጥ ይቆያል፣ ማታ ማታም ከፊት ይቀመጣል። ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ባለሙያዎች ጎኑ ላይ ኮከብና አበባ ይመቱበታል፤ የተዘጋ በርና የተኛ ሰው መምታት አያቅታቸውም።