ከምሰሶው ፊት የነበሩ ሰዎች
የባሕር ልቦለድ ታሪክ በጨረፍታ

የባሕር ልቦለድ ሲነሣ በብዙ አንባቢ ኅሊና ቀድሞ የሚደቀነው ማዕበል፣ የባሕር ወንበዴና የተቀበረ ወርቅ ነው። መርከብ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሥራ ቦታ ነው፤ አዛዥና ታዛዥ በአንድ ጠባብ ወለል ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ተፋጠው የሚኖሩበት ነው። ይህ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ከጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ ዘመን የማይሽረው ፍሬ ያፈራው፣ ገመድ ሲስቡ መዳፋቸው የተላጠ ሰዎች ብዕር ካነሡ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳንኤል ዴፎ በ1719 «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን ሲያሳትም ባሕሩ ባለታሪኩን ወደ ደሴት የሚወረውር ኃይል እንጂ ራሱን የቻለ ዓለም አልነበረም። በባሕር ኃይል ያገለገለው አሜሪካዊው ጄምስ ፌኒሞር ኩፐር በ1824 ባወጣው ልቦለድ የመርከብን አነዳድ በባለሙያ ዓይን አሳየ፤ የተረከው ግን ይበልጡን ጀብዱ ነበር።

ለውጡን ያመጣው ልቦለድ ሳይሆን የእውነተኛ ጉዞ ትረካ ነው። የሃርቫርድ ተማሪ የነበረው ሪቻርድ ሄንሪ ዴና ዓይኑን በመታመሙ ትምህርቱን አቋርጦ፣ በ1834 ቆዳ ለመጫን ወደ ካሊፎርኒያ በምትሄድ መርከብ በተራ መርከበኝነት ተቀጠረ። በዚያም አዛዡ ሁለት መርከበኞችን ሲገርፍ በዓይኑ አየ። በ1840 ያሳተመውን መጽሐፍ «ከምሰሶው ፊት ሁለት ዓመት» ሲል የሰየመው፣ ተራ መርከበኞች የሚያድሩት ከምሰሶው ወደ ፊት ባለው ክፍል ስለነበረ ነው። ዴና ከዚያ በኋላ ጠበቃ ሆኖ ለመርከበኞች መብት ተሟገተ።

ኸርማን ሜልቪል ይህን መንገድ ወደ ልቦለድ አሻገረው። በ1841 ዓሣ ነባሪ በምታድን መርከብ ተሳፈረ፤ ቆይቶም በጦር መርከብ ላይ አገለገለ። በ1850 ባሳተመው «ነጭ ጃኬት» በጦር መርከቦች ላይ ይፈጸም የነበረውን ግርፋት አጋለጠ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የአሜሪካ ምክር ቤት ግርፋትን በሕግ ከለከለ፤ ድሉ የብዙዎች የረጅም ጊዜ ሙግት ውጤት ቢሆንም የሜልቪል ብዕር ከሙግቱ ጎን ቆሞ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የወጣው «ሞቢ ዲክ» ከዚህም ይጠልቃል። በዓሣ ነባሪ አደን መርከበኛው የሚታሰብለት ከትርፉ የሚቈረስ ድርሻ ነው፤ ለእስማኤል የተመደበለት 300ኛው እጅ ሲሆን፣ ጦር ወርዋሪው ክዊክዌግ 90ኛውን ያገኛል። ሜልቪል የዓሣ ነባሪው ስብ እንዴት እንደሚገፈፍና እንደሚቀለጥ ምዕራፍ እየከፈለ ያስረዳል። ከየአህጉሩ የተሰበሰቡት እነዚህ ሠራተኞች ግን በአዛዡ በኤሃብ የግል ቂም ተነድተው ያልቃሉ፤ አንድ ሰው ብቻ ይተርፋል። መጽሐፉን ዘመኑ አላስተዋለውም። ደራሲው ከ1866 ጀምሮ 19 ዓመት በኒውዮርክ ወደብ በጉምሩክ ተቆጣጣሪነት ሠርቶ በ1891 አረፈ፤ ሥራው ተገቢ ክብሩን ያገኘው በ1920ዎቹ ነበር።

ፖላንዳዊው ጆሴፍ ኮንራድ ደግሞ ከመርከበኝነት ተነሥቶ በ1886 የመርከብ አዛዥነት ማረጋገጫ ያገኘ፣ ካደገ በኋላ በተማረው በእንግሊዝኛ የጻፈ ደራሲ ነው። «ሎርድ ጂም» (1900) የተመሠረተው ለእኛ በቀረበ ባሕር ላይ በደረሰ ድርጊት ነው። በነሐሴ 1880 ከ900 በላይ የሐጅ ተጓዦችን የጫነችው «ጅዳ» የተባለች መርከብ ከአፍሪቃ ቀንድ ጫፍ ከጓርዳፉይ አቅራቢያ ውሃ ገባባት። አዛዡና መኮንኖቹ ተጓዦቹን ትተው በጀልባ አመለጡ፤ ኤደን ደርሰውም መርከቧ ሰጥማለች አሉ። ብዙም ሳይቆይ መርከቧ በሌላ መርከብ ተጎትታ፣ ተጓዦቿን እንደያዘች ወደቡ ገባች!

ኮንራድ ከዚህ ድርጊት የአንድን ወጣት መኮንን የኅሊና ስቃይ በጥልቀት ቀርጾ አውጥቷል። ሆኖም ከተተዉት ተጓዦች መካከል በልቦለዱ ውስጥ ስም ተሰጥቶት ታሪኩን የሚናገር የለም። የከዳቸው ሰው ጸጸት መጽሐፍ ሙሉ ሲተረክ፣ የተከዱት በመርከቧ ሆድ ውስጥ ጭነት ሆነው ቀርተዋል።

እንግዲህ እነዚህን ደራስያን ወደን የምናነባቸው ትልቅነታቸውንም ጉድለታቸውንም አውቀን ሊሆን ይገባል። ዴናና ሜልቪል ከምሰሶው ፊት ያለውን ሰው እንዲናገር አደረጉ፤ ኮንራድ የአዛዡን ኅሊና መረመረ። ከመርከቧ ወለል በታች የነበሩት የእነዚያ ሐጃጆች ታሪክ ግን አሁንም ደራሲውን ይጠብቃል።