መዝገብን ማን ይጠብቀዋል? ከሐርተሼክ የራሽን ካርድ እስከ ሲሊኮን ማኅደር

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ብሂል በመዝገብ ሥራ ላይ ለተሠማራ ሁሉ እንደ መመሪያ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። ብሂሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ያልተነገረ ተከታይ አለው። ጽሑፍ የሚወረሰው የተጻፈበት ነገር እስከ ቆየ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ብራናው በምስጥ፣ ወረቀቱ በእርጥበት፣ የቴፑ ክር በሙቀት ሲበላሽ በላዩ የሰፈረውም ቃል አብሮ ይጠፋል። ዛሬ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የባንኮች፣ የሆስፒታሎችና የዩኒቨርሲቲዎች መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመሻገር ላይ በመሆኑ ጉዳዩ አዲስ መልክ ይዟል። በሚሽከረከረው ሐርድ ዲስክና ምንም የሚንቀሳቀስ አካል በሌለው የሲሊኮን ማኅደር፣ ማለትም በኤስ.ኤስ.ዲ. መካከል ያለው ውድድር በማን አሸናፊነት ይፈጸማል? የሚል ክርክር በባለሙያዎች ዘንድ ሲነሣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመዘኑት ፍጥነትና ዋጋ ናቸው። የመቆየት ጉዳይ ግን ተገቢው ስፍራ ሲሰጠው አይታይም። ይህን ለመመርመር ከሩቅ አገር ቤተ ሙከራ ይልቅ ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ወገን፣ በሶማሊያ ወሰን አቅራቢያ ከምትገኘው ከሐርተሼክ መነሣት ይጠቅማል።

በግንቦት ወር 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1988) የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች በሰሜን ሶማሊያ በቡርዖና በሐርጌሳ ከተሞች ላይ ጥቃት ከፈቱ። የዚያድ ባሬ መንግሥትም ከተሞቹን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። ከዚህም የተነሣ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወሰን በመሻገር ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከተጠለለባቸው ስፍራዎች ዋነኛዋ ሐርተሼክ ነበረች። ውኃ በቦቴ የሚመላለስላት ይህች ደረቅ ሜዳ ከ250 ሺሕ በላይ ስደተኞችን በመያዝ፣ በዘመኑ ከዓለም ትልቋ የስደተኞች መጠለያ ለመባል በቃች። በአጠገቡም ከበርበራ ወደብ በኩል የሚመጣ ልብስና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ደራ። ከ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) ጀምሮ ስደተኞቹ በየተራ ወደ ቀያቸው ሲመለሱ ቆይተው፣ መጠለያው በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) ተዘጋ።

የሐርተሼክ ዘመን የወረቀት ዘመን ነበር። የይዞታ ማስረጃውን፣ የትምህርት ምስክር ወረቀቱንና የልደት ካርዱን ትቶ ለወጣ ሰው፣ የቤተሰቡ ቁጥር የሠፈረበት የራሽን ካርድ ማንነቱን የሚናገርለት ሰነድ ሆነ። እህል የሚታደለው በካርዱ ነበርና የካርዱ መጥፋት ወይም መቀደድ ቀላል ጉዳት አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን «ፕሮግሬስ» የተባለውን የኮምፒዩተር ምዝገባ ሥርዓት በየአገሩ መዘርጋት የጀመረው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ ሐርተሼክ በተዘጋችበት ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ በዓለም ትልቅ የነበረው መጠለያ ከሞላ ጎደል በወረቀት ተመዝግቦ በወረቀት ተዘጋ ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ከዚያው ጦርነት፣ በዚያው ዓመት፣ ከወረቀት የተለየ ሌላ መዝገብም ተርፏል። የሶማሊ ቋንቋ ኦፊሴላዊ ፊደል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 በመሆኑ፣ የሕዝቡ ቅኔ፣ ዜማና ታሪክ ከዚያ በፊት በቃል፣ ኋላም በአብዛኛው በድምፅ መቅረጫ ክር ላይ ይኖር ነበር። በሌላው አገር መጽሐፍ የሚሠራውን ሥራ በሶማሊዎች ዘንድ ካሴት ሠርቶታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአየር ድብደባው ሲያሰጋ የሐርጌሳ ሬዲዮ ሠራተኞችና ሙዚቀኞች ከክምችቱ ከፊሉን ከመሬት ሥር ቀበሩት፤ ከፊሉንም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩት። ጦርነቱ አልፎ ብዙ ዓመታት ከተቆጠሩ በኋላ ክሮቹ ከያሉበት ተሰብስበው፣ ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10 ሺሕ የሚበልጡ ካሴቶች ይገኛሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ወደ ዲጂታል ቅጂ ተላልፈዋል። ከመሬት በታች ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ተመልካች የቆየ ድምፅ እንደገና ሊሰማ የቻለበት ምክንያት በክሩ አሠራር ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ፣ ይህን አሠራር መረዳት ለዲስክ ክርክርም ቁልፍ ነው።

ድምፅን በማግኔት የመያዝ ሐሳብ በጽሑፍ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1888፣ ከሐርጌሳ ጥፋት ልክ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኦበርሊን ስሚዝ በተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ዴንማርካዊው ቫልደማር ፖልሰን በ1898 በብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ሠራ። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ፍሎይመርም በ1928 የብረት ዱቄት የተቀባ ክር አስገኘ። በክሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን የብረት ቅንጣቶች አንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፉ፣ ብርቱ ማግኔት ወይም ከፍተኛ ሙቀት ካላናወጣቸው በስተቀር ስልፋቸውን ለረዥም ዘመን ይዘው ይቆያሉ። ስልፉን ለመጠበቅ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። የሐርጌሳ ክሮች ባለቤታቸውን መጠበቅ የቻሉት በዚህ ጠባያቸው ነው።

ሐርድ ዲስክ የዚሁ ክር የሥጋ ዘመድ ነው። ክሩ ላይ ያለ ቃል የሚገኘው ከመጀመሪያው እየተጠቀለለ ስለሆነ፣ የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲሶች የማግኔቱን ቅብ በሚሽከረከር ሰሐን ላይ በማድረግ ከማንኛውም ቦታ በቅጽበት ለማንበብ የሚያስችል መሣሪያ በካሊፎርኒያ ሠሩ። በመስከረም 1956 እ.ኤ.አ. የቀረበው ይኸው ራማክ የተባለ መኪና፣ እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው 50 ሰሐኖች ላይ 5 ሚሊዮን ፊደላትን ይይዝ ነበር። በ1980 ሲጌት የተባለው ኩባንያ 5 ሜጋባይት የሚይዝ፣ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገጠም ዲስክ አወጣ። ሐርተሼክ በተመሠረተችበት በ1988 ደግሞ አልበርት ፌርና ፒተር ግሩንበርግ የማግኔት ንባብን እጅግ የሚያጠራውን ክስተት አገኙ። ግኝቱ የዲስክን መጠን በብዙ እጥፍ ለማሳደግ ስላስቻለ፣ ሁለቱ በ2007 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ታዲያ ዲስክ የክሩን ጽናት ቢወርስም፣ በእንቅስቃሴው ምክንያት አዲስ ድካም አትርፏል። አንባቢው ራስ ሰሐኑን ሳይነካ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ የሚንሳፈፈው በሚሽከረከረው አየር ላይ ነው። ስለዚህ መውደቅ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ የኤሌክትሪክ መቋረጥ ያሰጉታል። አየሩ ሲሳሳ መንሳፈፉም ስለሚደክም፣ ፋብሪካዎች ለተራ ሐርድ ዲስክ የሚያስቀምጡት የሥራ ከፍታ ወሰን 3 ሺሕ ሜትር ያህል ነው። 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኘው ጅግጅጋ ይህ ችግር አይሆንም፤ ለመንዝ ጓሳ አምባ ግን ይሆናል። ሂሊየም ተሞልተው የታሸጉ ዲስኮች ከ2013 ጀምሮ ለገበያ በመቅረባቸው ይህ ወሰን በከፊል ተቃሏል።

ይህን ሁሉ ድካም ያስቀረው የሲሊኮን ማኅደር የተፀነሰው በጃፓን ነው። የቶሺባ ኩባንያ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ፍላሽ የተባለውን የማስታወሻ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1984፣ ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር ሁሉ የሚገኘውን ናንድ የተባለውን ዝርያውን ደግሞ በ1987 ለባለሙያዎች አቀረበ። በ1991 ሳንዲስክ 20 ሜጋባይት የሚይዝ የመጀመሪያውን የፍላሽ ዲስክ ለአይ.ቢ.ኤም. አቀረበ፤ ዋጋውም 1,000 ዶላር ገደማ ነበር። በውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ፍላሽ ድምፅ የለውም፤ መውደቅን ይችላል፤ ኮረኮንች መንገድ አያሰጋውም፤ ከፍታም አይገድበውም። በፍጥነትም ሐርድ ዲስክ አይደርስበትም።

ነገር ግን ፍላሽ ቃሉን የሚይዘው በማግኔት ስልፍ ሳይሆን፣ በማያስተላልፍ ሽፋን በታጠረ ጥቃቅን ክፍል ውስጥ ኤሌክትሮኖችን በማገድ ነው። ነገሩ ውኃን በእንስራ እንደ መያዝ ነው። እንስራው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውኃው በቀስታ ይወዛል፤ ሙቀት ሲበዛና እንስራው ሲያረጅ ደግሞ ይፈጥናል። ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ ማኅበር ባስቀመጠው መለኪያ መሠረት፣ የጽሕፈት ዕድሜውን የጨረሰ የግል ኮምፒዩተር ኤስ.ኤስ.ዲ. ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ1 ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ይጠየቃል። ለትላልቅ መሥሪያ ቤቶች የተሠራው ዓይነት የሚጠየቀው በ40 ዲግሪ ለ3 ወር ብቻ ነው። አዲስ ፍላሽ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ ቢቆይም፣ የመለኪያው ትርጉም ግልጽ ነው። ፍላሽ በየጊዜው ኤሌክትሪክ እየተሰጠው በሥራ ላይ እንዲውል እንጂ፣ ተቀብሮ ባለቤቱን እንዲጠብቅ አልተሠራም። በ1980 ዓ.ም. የሐርጌሳ ዜማ በፍላሽ ላይ ኖሮ ቢሆን፣ ከመሬት ሥር ካሳለፋቸው ዓመታት በኋላ ይገኝ ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።

ወደ ገበያው ሲመለከቱት ውድድሩ በከፊል ተፈጽሟል። የሐርድ ዲስክ ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ600 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ከነበረበት፣ ከ2022 ወዲህ በዓመት ከ200 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የእጅ ኮምፒዩተር ከሞላ ጎደል ለፍላሽ ተለቅቋል። ሆኖም በትላልቅ የመረጃ ማዕከላት ሐርድ ዲስክ ገና አልተነቀለም። ለተመሳሳይ መጠን የሚጠየቅበት ዋጋ ከፍላሽ በብዙ እጥፍ ያነሰ ሲሆን፣ በ2024 የሰሐኑን ቅንጣት በጨረር እያሞቁ በመጻፍ 30 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ ለሽያጭ ቀርቧል። የማግኔት ክርም ለረዥም ጊዜ ማኅደር በባንኮችና በምርምር ተቋማት ያገለግላል። ስለዚህ የወደፊቱ ዕጣ ከአንዱ መሞት ይልቅ የሥራ ክፍፍልን ያመለክታል። በየሰዓቱ ለሚነበበው ፍላሽ፣ ብዙ ሆኖ አልፎ አልፎ ለሚፈለገው ሐርድ ዲስክ፣ ለረዥም ዘመን ለሚቀመጠው ክር ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ያስፈልጋል። ማግኔትም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። የክሩ ማጣበቂያ ይፈርሳል፤ ለዓመታት የቆመ ሐርድ ዲስክም ሞተሩ ላይነሣ ይችላል። ከሁሉ በላይ ማንበቢያው መኪና ከገበያ ይጠፋል። የሐርጌሳ ካሴቶች የዳኑት ክሩ በመጽናቱ ብቻ አይደለም፤ ማጫወቻው ገና ሳይጠፋ የሚገለብጣቸው ሰው በመገኘቱም ጭምር ነው።

የዚህን ሥራ ዋጋ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ በኢትዮጵያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክና በአሜሪካ ተቋማት ትብብር የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ፣ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የነበሩ ከ8 ሺሕ በላይ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። ቅጂው በአዲስ አበባና በሚኔሶታ በሁለት ቦታ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸውም ዝርዝሩን በካታሎግ አወጡት። ኋላም ፊልሙ ራሱ ወደ ዲጂታል ቅጂ ተሸጋገረ። ብራና ለፊልም፣ ፊልም ለዲስክ አስረከበ፤ እያንዳንዱም ርክክብ የተፈጸመው የፊተኛው ሳይጠፋ ነው።

ዛሬ በሶማሊ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች ይኸው ጥያቄ ተጨባጭ ሆኗል። ሐርተሼክ ብትዘጋም የቀብሪ በያህ፣ የአው በሬና የሸደር መጠለያዎች አሉ። በኢትዮጵያ ስደተኞች የልደት፣ የጋብቻና የሞት ማስረጃ እንዲያገኙ የሚያስችለው ምዝገባም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ተጀምሯል። በመጠለያ ውስጥ ለተወለደ ሕፃን ያ መዝገብ የትምህርት ቤት ደጃፍ፣ የጉዞ ሰነድና ምናልባትም የውርስ ማስረጃ ነው። ሕፃኑ ማስረጃውን የሚፈልገው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። የተጻፈበት ዲስክ ዕድሜ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት አይዘልም። በሰውየው ዕድሜና በዲስኩ ዕድሜ መካከል ያለውን ይህን ክፍተት ሐርድ ዲስክም ሆነ ኤስ.ኤስ.ዲ. ብቻውን አይሞላውም።

ክፍተቱን የሚሞላው የሙያ ልማድ ነው። አንድ መዝገብ ከሁለት ባላነሱ የተለያዩ ዓይነት ማኅደሮች ላይ መኖሩ፣ አንዱ ቅጂ በሌላ ከተማ መቀመጡ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍቶ መነበቡ፣ ማኅደሩ ሳያረጅ ወደ አዲስ መገልበጡ ከፍተኛ ወጪ ወይም ረቂቅ ሳይንስ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በሥራ ዝርዝር ላይ የተጻፈ ኃላፊነት፣ ለዚህ የተመደበ በጀትና ሲዛወር ለተተኪው በፊርማ የሚያስረክብ ሠራተኛ ነው። ኮምፒዩተር ለመግዛት ሲባል ገንዘብ ይገኛል። ከአምስት ዓመት በኋላ ለመገልበጥ ሲባል ግን በጀት የሚይዝ መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው፤ መዝገብም የሚጠፋው በአብዛኛው በዚህ ቀዳዳ ነው።

በሐርተሼክ ሜዳ ላይ ከ250 ሺሕ በላይ ሕዝብ ኖሮ አልፏል። ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ቦቴዎቹም ሄደዋል። በዚያ ከተወለዱት ብዙዎቹ ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ መጥቶ «የት ተወለድሁ? የማን ልጅ ነኝ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ የሚገኘው ካርዱን ወይም የካርዱን ቅጂ ጠብቆ ያቆየ ሰው ካለ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የቀብሪ በያህ ልጅ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ መልስ እንዲያገኝ፣ የመገልበጡ ተራ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ባለሙያ ነው።