የአዋሽ ወንዝና ገባሮቹ

የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከጊንጪ አካባቢ ደጋማ ሥፍራ ይነሣል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በሚገኘው አቤ ሐይቅ ያበቃል።

የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚወርደው አቃቂ እና የሞጆ ወንዝ፣ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ከሚይዘው ውኃ ጋር ይቀላቀላሉ። ከሰም፣ ከበና (የአዲስ አበባው ከበና አይደለም)፣ ቦርከና፣ ሚሌና ሎግያ ግን ከሸዋና ከወሎ ተራሮች ወርደው ወደ ወንዙ የሚገቡት ከግድቡ በታች ነው። በመሆኑም ቆቃ የእነዚህን ገባሮች ጎርፍ ሊያስቀር አይችልም። በሐምሌና በነሐሴ በአፋር ቆላ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ በደጋው የዘነበው ዝናብ አዋሽን ከዳርቻው ሊያስወጣ ይችላል። በወንዙ ዳር የሚኖሩና ከብት የሚያሰማሩ ነዋሪዎች በእነዚህ ወራት የአካባቢያቸውን ብቻ ሳይሆን የደጋውን የአየር ትንበያ ጭምር መከታተል ይኖርባቸዋል።