የመንግሥት መዝገብና የአያት ሣጥን

ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሩ የወረደ ተማሪ፣ ፓስቲውን ከመግዛቱ በፊት ሳያስበው ስንት ቤተ መዘክር ያልፋል። መነሻው ግቢ ራሱ ሙዚየም አለው። አምስት ኪሎ ብሔራዊው ሙዚየም፤ አራዳ ጊዮርጊስ ዘንድ የቤተ ክርስቲያኑ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ደግሞ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። የዩኒቨርሲቲ፣ የመንግሥት፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የከተማ አስተዳደር ማለት ነው። የግለሰብ የሚባል ግን በዚያ መንገድ አላጋጠመንም። ታዲያ የግሉና የሕዝቡ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው ብለን ተከራከርን።

«ባለቤቱ ነዋ!» ያለ አልጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የራሳችንን ግቢ እንይ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት ሙዚየሙ ከባዶ አልተነሣም። ቀደም ብሎ በአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሰው፣ ሥዕሉንም መስቀሉንም የገበሬውንም ዕቃ ይሰበስብ ነበር። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ንጉሡ ይተኙበት ከነበረው ክፍል ጎን የተደራጀው ክምችት ሥሩ የአንድ ሰው ዓይን ነው። ኋላም የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ገንዘብ እያዋጣ ወደ ውጭ ሊሄድ የነበረውን ቅርስ ከነጋዴ እጅ ይገዛ ነበር።

የግሉን ለማየት ከአራዳ መውጣት ግድ ሆነብን፤ ሐረር ደረስን። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ፣ የድሮ ዘፈን እንኳ ሳይቀር እያጠራቀሙ እ.ኤ.አ. በ1998 በገዛ ቤታቸው ለጎብኚ ከፈቱ። የተበጣጠሰውን መጽሐፍ ለመጠገን ጥረዛ ተማሩ። በ2007 ደግሞ የክልሉ መንግሥት የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውን ሰጣቸው። ስብስቡ የግል፣ ጣሪያው የመንግሥት! እንግዲህ የእኛው ከግል ጥረት ተነሥቶ የሕዝብ ሆነ፤ የሐረሩ የግል ሆኖ ሳለ መንግሥት ቤት ገባ።

ልዩነቱ፣ እንደኛ ከሆነ፣ ዕቃው በሚመጣበት መንገድ ነው። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ስትገኝ «የእኔ ናት» የሚል ሰው ሊኖር አይችልም፤ ካዝና፣ ዘበኛና መዝገብ ያስፈልጋታል። የአያት ቀለበት ወይም የቤተሰብ ደብዳቤ ግን በቁፋሮ አይገኝም። የሚመጣው በመተማመን ነው። ሰው ዕቃውን ለመንግሥት ማሳየት ይፈራል፣ «ይወሰድብኛል» ይላል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ የቅርስ ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ጠብቀህ አቆየው፣ ወጪውም ከኪስህ ነው ይላል እንጂ። እዚህ ላይ ነው የግሉ ድካም። ባለቤቱ ያረፈ ዕለት ወራሾች ይካፈሉታል፣ ከእሳቸው ጋር ለሙዚየሙም ተዝካር ይወጣለታል። የመንግሥቱ መዝገብ ቢያንስ ጸሐፊው ቢሞት ሌላ ጸሐፊ ይሾምለታል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። የዓድዋው መታሰቢያ ተመርቆ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ አሮጌ ቤቶች መፍረስ ጀመሩ። ጦርነቱ ቤት አገኘ፤ እሰየው። ከዚያ ሠፈር በጭነት መኪና የወጣው የሠርግ ፎቶ፣ የዕድር ደብተር፣ የአርበኛ ሜዳይ ግን በማን መዝገብ ገባ? የመንግሥት ሙዚየም አልጠየቀውም፤ የሚጠይቀው የግል ሙዚየም ደግሞ ሠፈሩ ውስጥ አልነበረም።

ከመካከላችን የአንዱ አያት ከዶሮ ማነቂያ ወጥተው ገላን ጉራ ገብተዋል። ባለፈው እሑድ ሄደን ነበር። ሣጥናቸው እንደታሰረ ጥግ ቆሟል። ፈትተው ከላይ ያለውን ፎቶ አወጡልን፤ ፒያሳ ፎቶ ቤት የተነሡት፣ አምስት ሴቶች ናቸው። አራቱን በስም ነገሩን። አምስተኛዋ ጋ ሲደርሱ «ቆይ፣ ይመጣልኛል» አሉ። ቡና እስኪፈላ ጠበቅን፤ እርሳስ ይዘን።